የብስክሌት መንገድ ሲነጠቅ፦ ከቶሮንቶ እስከ ባሮ ዳር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ብስክሌት መንገድ ነው፤ በተለይም የተሠራው መንገድ ይነሣ ሲባል "አይነሣም" ብለው ስለ ቆሙ ሰዎች። ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ አገር፣ ከካናዳ ነው። ማረፊያው ግን እዚሁ ጋምቤላ ነው።

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ብዙዎች ያልጠበቁትን ውሳኔ አሳለፈ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በቶሮንቶ ከተማ በብሎር፣ በዮንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች ላይ ያሉትን የብስክሌት መንገዶች ለማንሣት ሕግ አውጥቶ ነበር። ዳኛው ፖል ሻባስ ይህ ሕግ የአገሪቱን የመብቶች ቻርተር አንቀጽ 7 ይጥሳል አሉ። አንቀጹ ስለ ሰው ሕይወት፣ ነፃነትና ደኅንነት የሚናገር ነው። መንገዱ ቢነሣ ብስክሌት ነጂዎች ለጉዳትና ለሞት ይበልጥ እንደሚጋለጡ፣ የመኪናው መጨናነቅ እንደሚቀንስ የሚያሳይ በቂ ማስረጃም እንዳልቀረበ በውሳኔያቸው አስፍረዋል።

ወደዚህ ውሳኔ የተደረሰው በአንድ ጀምበር አልነበረም። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ በክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በዳግ ፎርድ መንግሥት ነው። የመንግሥት መከራከሪያ ለመረዳት አይከብድም፤ መኪናው ተጨናንቋል፣ ሰው ሥራ ቦታው በሰዓቱ መድረስ አልቻለም፣ ስለዚህ ለብስክሌት የተሰጠው ቦታ ለመኪና ይመለስ የሚል ነበር። የከተማዋ አስተዳደር በበኩሉ ማፍረሱ ብቻ 48 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሊፈጅ እንደሚችል ገመተ። ሰዎች በብስክሌታቸው ሆነው ጎዳና ወጡ፣ ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሄደው ተቃውሟቸውን አሰሙ። ሳይክል ቶሮንቶ የሚባለው የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ደግሞ ከሁለት ግለሰቦች ጋር ሆኖ ክስ መሠረተ። ከግለሰቦቹ አንዷ በዚያው መንገድ የምትመላለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሌላው በብስክሌት ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደር ሠራተኛ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መንገዱ እንዳይነካ በሚያዝያ ወር አገደ፤ ከወራት በኋላም ዋናው ውሳኔ መጣ። መንግሥት ይግባኝ ብሏል።

ሕጉ ከመውጣቱ ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው በብሎር ጎዳና ላይ የደረሰ አንድ አደጋ አለ። የሕንፃ ሥራ የሚያካሂዱ ሰዎች የቆሻሻ ማስቀመጫ ትልቅ ገንዳ ብስክሌት መንገዱ ላይ አቁመው ነበር። አንዲት የ24 ዓመት ወጣት በብስክሌት ስትመጣ መንገዷ በገንዳው ተዘጋ። ገንዳውን ለማለፍ ወደ መኪናው መንገድ ወጣች፤ እዚያው ከባድ መኪና ገጭቷት ሞተች። በዚያ ቀን በብሎር ላይ የፈረሰ የብስክሌት መንገድ አልነበረም። ቀለሙ ነበረ፣ ምልክቱ ነበረ፣ በከተማው ካርታ ላይም መስመሩ ተሥሎ ነበር። ያልነበረው ማለፊያው ነው።

ይህን ጉዳይ ለጋምቤላ አድማጭ ማንሣት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የብስክሌት መንገድ የሚጠፋው በአብዛኛው በአዋጅ ወይም በዶዘር አይደለም። ዛሬ አንድ መኪና ይቆምበታል፣ ነገ ሁለት ይሆናሉ። ጠዋት አንዲት እናት ቲማቲም ትዘረጋበታለች፣ ከሰዓት በኋላ አሸዋና ጠጠር ይራገፍበታል። ማንም "ይነሣ" ብሎ አልወሰነም፣ ስለዚህም ማንም "አይነሣም" ብሎ አይሰለፍም። አንድ ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ "ይህን መንገድ የሚጠቀምበት የለም፣ ለመኪና ይሁን" ሲል የሚመልስለት ሰው ይጠፋል። ሙግቱ መጀመር ያለበት በመጀመሪያዋ መኪና ጊዜ ነው።

አሁን ይህን ማንሣት ወቅታዊ ነው። አገሪቱ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ስትራቴጂ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ዘመኑም እስከ 2029 ይዘልቃል። ስትራቴጂው በትራንስፖርት ሚኒስቴር በኩል የተዘጋጀ ሲሆን አዲስ አበባን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ከተሞችንም ይመለከታል። ከዚያ በፊት በኅዳር 2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" በሚል ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት የተከፈቱበት ቀን ተጀምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጀሞ እስከ ለቡ የተሠራው መስመር ለሙከራ ያህል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ደግሞ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ መገናኛ፣ ከሜክሲኮ በሳር ቤት አድርጎ ወደ ወሎ ሰፈር፣ እንዲህ እያለ የብስክሌት መንገድ ከእግረኛው መንገድ ጎን ለጎን ተዘረጋ። ሥራው ወደ ክልል ከተሞች ወረደ፤ ጋምቤላም የኮሪደር ልማት ከደረሳቸው ከተሞች አንዷ ናት።

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ 766 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጎሬ ደጋ ቁልቁል ተወርዶ ነው የሚገባባት፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ መሬቱ ይለጠጣል። ከተማዋና ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ኢታንግም፣ ላሬም፣ ፉኝዶም ቢሄዱ ያው ሜዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከእንጦጦ ሥር ያለውን አቀበት ይቆጥራል፤ ጋምቤላ ውስጥ የሚነዳ ሰው ፀሐይዋን ብቻ ይቆጥራል። ከድንበሩ ወዲያ በደቡብ ሱዳን ሜዳም እንደዚሁ ብስክሌት የሰውና የዕቃ ማጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ለዚህ መልክአ ምድር ብስክሌትን የሚያስተዋውቅለት ሰው አያስፈልገውም።

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቻላል። የጀዊ የስደተኞች መጠለያ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለአንድ ጉዞ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በብስክሌት ሳይጣደፍ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃዋል። ደርሶ መልሱ ሲታሰብ በእግር የሚሄደው ሰው ቀኑ እንዳለ መንገድ ላይ ያልቃል፤ በብስክሌት የሚሄደው ግማሹን ቀን ይሠራበታል። ለነዳጅ የሚከፈል ነገር የለም፣ ነዳጅ ሲጠፋም ጉዞው አይቆምም። ነዳጅ ከሩቅ በቦቴ ለሚመጣላት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለተማሪ፣ ከተማሪም ለሴት ልጅ፣ ጥቅሙ ከዚህ ይበልጣል። በሕንድ አገር የቢሃር ክፍለ ሀገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በኋላ የተደረገው ጥናት በዚያ የዕድሜ ክልል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመዘገቡ ልጃገረዶች ቁጥር በ30 በመቶ ያህል እንደ ጨመረ አሳየ። ይበልጥ የተጠቀሙት ትምህርት ቤት የራቃቸው ልጆች ነበሩ። ግን አንድ ወላጅ ልጁን በብስክሌት የሚልከው መንገዱን ሲያምነው ነው። ባጃጅና የጭነት መኪና ከሚጋፉበት አስፋልት ጠርዝ ላይ የ14 ዓመት ልጁን የሚለቅ አባት የለም። ብስክሌት መግዛት የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የሚነዳበትን መንገድ መጠበቅ የከተማ ጉዳይ ነው።

መንገዱ ሲዘጋ በብስክሌተኛው ላይ የሚደርሰውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሰው ከኋላው መጫኛ ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ጭኗል እንበል፤ ግራና ቀኝ በገመድ ታስረዋል። ውሃው ብቻ 40 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ የተጫነ ብስክሌት የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው ይወላገዳል። ነጂው ሚዛኑን የሚጠብቀው በቀጥታ ሲሄድ ነው። መንገዱ ላይ ባጃጅ ቆሞ ቢያገኝ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ወርዶ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ አስፋልቱ ማውረድ፣ ከባጃጁ ወዲያ ደግሞ መልሶ ማንሣት ነው፤ የጠርዙ ከፍታ አንድ ስንዝር ቢሆን እንኳ ባዶ ብስክሌት የሚያነሣ ክንድ 40 ኪሎ የተጫነውን እንደዚያ አያነሣውም። ሁለተኛው ምርጫ ገና ከሩቅ ሲያየው ሳይወርድ ወደ መኪናው መንገድ መግባት ነው። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ወደ ብስክሌት መንገዱ መግባቱን ራሱ ይተዋል። ከዚያ በኋላ "ብስክሌተኛው እኮ ራሱ አልተጠቀመበትም" የሚለው ክስ እሱው ላይ ይዞራል።

ይህ ክስ በባሕር ዳርም ሊሰማ የሚችል ነው። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ ከጣና ዳር ዘንባባዎች ጋር ብስክሌቷን ያስታውሳል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ በብስክሌት ይመላለሱባት ነበር፤ ሴቶችም በብዛት ይነዱ ነበር። ሐዋሳም እንደዚሁ። ባጃጅ ሲመጣና መኪናው ሲበዛ ግን ብስክሌቱ ቀስ በቀስ ከጎዳናው ገሸሽ አለ። ብስክሌት አይነዳ ብሎ የወሰነ አካል አልነበረም። ሰው ፈራ፣ ከዚያ ተወው፣ ከዚያ ልጁን አላስተማረውም።

በአውሮፓ ይህንኑ ያየችው ኔዘርላንድ ናት። ዛሬ የብስክሌት አገር እየተባለች የምትጠራው ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መኪናው ሲበዛ ብስክሌቱን ከጎዳናዋ እያስወጣች ነበር። በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ከነዚህ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ የጻፈው ጽሑፍ "የሕፃናት ግድያ ይቁም" ለሚል ንቅናቄ ስሙን ሰጠ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዘጉ፣ ጎዳና ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ምሳ በሉ፣ ፓርላማ ድረስ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣም መንግሥት ጆሮውን ሰጠ። ዛሬ የሚታየው የብስክሌት መንገድ የተሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ የደረሱበትን አይቶ "እነሱማ ድሮም እንዲህ ነበሩ" ማለት እነዚያን እናቶችና አባቶች መርሳት ይሆናል።

በለንደን የሆነው ደግሞ መጨረሻው ሌላ ነው። የኬንሲንግተንና ቼልሲ ወረዳ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ በኬንሲንግተን ሃይ ስትሪት ላይ ጊዜያዊ የብስክሌት መንገድ አበጀ። ሰባት ሳምንት ገደማ እንደ ቆየ፣ የሱቅ ባለቤቶችና ነዋሪዎች ቅሬታ አቀረቡ ተብሎ በታኅሣሥ ወር ተነሣ። ምክር ቤቱ ከደረሱት ቅሬታዎች የጠቀሰው ጥቂት መቶ ኢሜይሎችን ነበር፤ በወረዳው የሚኖረው ሕዝብ ግን ከ140,000 በላይ ነው። መለያ ምሰሶዎቹን ሊነቅሉ ሠራተኞች በሌሊት ሲመጡ ሰዎች ፊታቸው ቆመው ሥራውን አዘገዩት። መንገዱ ግን ከመነሣት አልዳነም። ልጆቻቸውን በዚያ መንገድ ትምህርት ቤት ያደርሱ የነበሩ ወላጆች ድምፃቸው በይበልጥ የተሰማው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነበር። ቅሬታ ያለው ሰው ይጽፋል፤ የተመቸው ሰው ዝም ብሎ ይነዳል። ምክር ቤት ደግሞ የሚቆጥረው የተጻፈለትን ነው።

በአፍሪካም ክርክሩ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ሊደመጥ የሚገባው መከራከሪያም የቀረበው በአፍሪካ ነው። የጆሃንስበርግ ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ኸርማን ማሻባ እ.ኤ.አ. በ2016 ለብስክሌት መንገድ የሚወጣው ገንዘብ እንዲቆም አደረጉ። ምክንያታቸው በድሆች ሰፈር ያሉ መንገዶች ሁሉ አስፋልት ሳይለብሱ የብስክሌት መንገድ ቅንጦት ነው የሚል ነበር። ጋምቤላ ውስጥም እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ ጥያቄውም የንቀት አይደለም። ክረምት ሲገባ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጭቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋ ድረስ ሲገባ ሰው ቤቱን ትቶ ወጥቷል። ጤና ጣቢያ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ድልድይ ለሚያስፈልገው ሕዝብ ስለ ብስክሌት መንገድ ማውራት ቅደም ተከተሉን የሳተ ሊመስል ይችላል።

መልሱ ያለው መንገዱን የሚጠቀሙትን ሰዎች ማንነት በማየት ነው። መኪና የሌለው ማን ነው? ባጃጅ ለመሳፈር ሁለቴ የሚያስበው ማን ነው? በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው፤ በትንሽ ከተማ የእግረኛው ድርሻ ከዚያ እንደሚያንስ ለማሰብ ምክንያት የለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተረኞች ናቸው። የመንገዱ ጎን ተነጥቆ ለመኪና ቢሰጥ ቦታውን የሚያጣው ድሃው ነው። ለጎርፉም ቢሆን፣ የብስክሌት መንገድና የውሃ መውረጃ ቦይ አብረው ታስበው ሲሠሩ ወጪው አንድ ነው፤ ተለያይተው ሲሠሩ አንዱ ለሌላው ሲባል ይቆፈራል።

የጋምቤላ ሰው መተላለፊያ መንገድ እንዴት እንደሚጠፋ ከራሱ ታሪክ ያውቃል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በመተላለፊያ ምክንያት ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የወሰን ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀዱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመላለሱ ጀመር። ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በኩል በአጋሰስና በሰው ትከሻ የወረደው ቡና እዚህ ተጭኖ ይሄድ ነበር፤ ጨውና ጨርቁም በዚያው ይመጣ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡ ጉዞም እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። ወንዙ ዛሬም አለ፣ ክረምት ይሞላል። በላዩ ላይ የነበረው ምልልስ ግን ጠፍቷል። መተላለፊያን መተላለፊያ የሚያደርገው በየቀኑ የሚሄድበት ሰው ነው፤ ለብስክሌት መንገድም ይኸው ይሠራል።

ስለ ባጃጅ ሹፌሮች ሳይነሣ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ባጃጁን በብድር ወይም በቀን ገቢ የያዙ ናቸው፣ ቤተሰብ ያስተዳድሩበታል። ብስክሌት መንገዱ ላይ የሚቆሙት ተሳፋሪ የሚያወርዱበት ሌላ ቦታ ስላልተበጀላቸው ሊሆን ይችላል። የጉሊት ነጋዴዋም እንደዚያው። ፖሊስ መጥቶ ቢያባርራት ማታ ትመለሳለች፣ ምክንያቱም ገዢዋ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ መንገዱን መጠበቅ ሰውን ማባረር ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ ለማቆሚያና ለመሸጫ የሚሆን ቦታ መለየት ነው። ያ ሳይደረግ የተቀባ ቀለም ሹፌሩንና ብስክሌተኛውን ሲያጣላ ይኖራል።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ነገር ማለት ይጠቅማል። ለአንድ አቅጣጫ የሚሆን የብስክሌት መንገድ ወርዱ ቢያንስ 2 ሜትር እንዲሆን የዘርፉ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ የተጫነ ብስክሌት ሌላውን ቀድሞ ሊያልፍ የሚችለው ያን ጊዜ ነው። የባጃጅ ወርድ 1.3 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 2 ሜትር የሆነ መንገድ ለባጃጅ ሰፊ በር ነው፤ መግቢያው ላይ ምሰሶ ካልተተከለ ባጃጅ ይገባበታል፤ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አያቆመውም። የምሰሶዎቹ ክፍተት ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ቢል ብስክሌትና የአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ያልፋሉ፣ ባጃጅ አያልፍም። ጠርዙም በየመገናኛው ዝቅ ብሎ ተዳፋት ካልተሠራለት የተጫነ ብስክሌት መውጣት አይችልም። ከሁሉ በላይ ግን ጋምቤላ ውስጥ ጥላ ያስፈልጋል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ፣ ዛፍ የሌለው የብስክሌት መንገድ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ የሆነውን ደግሞ ለመንጠቅ የሚከብድ የለም። ማንጎና ኒም በዚህ አፈር እንደሚበቅሉ ለጋምቤላ ሰው የሚነግረው አያስፈልግም። መንገድ ሲሰፋ የቆመ ዛፍ ቢቆረጥ ምትክ ችግኙ ጥላ ለመስጠት ዓመታት ይፈጅበታል።

ሕጉም ከዜጋው ጋር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን የሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲወጡ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 30 ደግሞ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል። የቶሮንቶዎቹ ሰዎች ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ በእጃቸው የያዙት ከዚህ የተለየ ነገር አልነበረም። መብታቸውን የሚናገር አንቀጽና በመንገዱ ላይ በየቀኑ የሚሆነውን የሚያሳይ መረጃ ነበራቸው።

አንቀጹ በእጅ አለ። መረጃውን በቆጠራ ማዘጋጀት ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ወይም የሒሳብ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠራው ይችላል፤ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እንደዚሁ። ቦታው የባሮ ድልድይ ጫፍ ወይም የገበያው መግቢያ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀኑ ገበያ ያልሆነ ተራ የሥራ ቀን ይሁን፤ ለማነጻጸር ደግሞ አንድ የገበያ ቀን ይጨመር። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆጠራል። ወረቀቱ ላይ አምስት ዓምዶች ይሠመራሉ። የመጀመሪያው ያለፈውን ብስክሌት ሁሉ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሴት ነጂዎችን፤ ሦስተኛው የትምህርት ቤት ልጆችን፤ አራተኛው ጭነት የያዙትን። አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ በመንገዱ ላይ የቆመ ነገር አግኝቶ ወደ መኪናው መንገድ የወጣ ብስክሌተኛ ሁሉ እዚያ ይመዘገባል፣ ምን እንደ ዘጋውም አጠገቡ ይጻፋል፤ ባጃጅ፣ አሸዋ፣ ጉሊት፣ ውሃ። ቆጠራው በየሦስት ወሩ፣ በበጋም በክረምትም፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ይደገማል። አንዱ ቅጂ ትምህርት ቤት ይቀመጣል፣ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ቀን ተጽፎበት ፊርማ ተቀብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ይገባል።